የሥር ፈንገስ ዱቄት ለጅማ ቀይ አፈር፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

«ማይኮራይዛ» ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ለቦሎቄና ለአኩሪ አተር ዋጋውን ያወጣል? ለአብዛኛው የጅማ ማሳ መልሳችን «መጀመሪያ ኖራና ራይዞቢየም (ሥር ላይ የሚኖር ጠቃሚ ባክቴሪያ)» ነው።

ዱቄቱ ውሸት አይደለም። የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም ጠፍረው ይይዙታል። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከጨረሰ በኋላ ጾሙን ያድራል። የፈንገሱ ክር ግን ብዙ ሴንቲ ሜትር ዘልቆ ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣለታል፤ ተክሉም በስኳር ይከፍለዋል። ናይትሮጅን ከአየር መያዝ ግን የራይዞቢየም ባክቴሪያ ሥራ ነው። ባክቴሪያው ለዚህ ብዙ ፎስፈረስ ስለሚፈልግ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከረጢቱ ላይ የፈንገሱ ዝርያ ስም፣ በግራም ያለው የስፖር (የፈንገሱ መራቢያ ዘር) ብዛትና የማብቂያ ቀን ካልተጻፈ አይግዙ። ትሪኮደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ ብቻ ከተጻፈበትም ሌላ ዕቃ ነው፤ ማይኮራይዛ አይደለም።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ዱቄቱ ሥር ካልነካው ከንቱ ነው፤ ማሳ ላይ መበተን ገንዘብ መበተን ነው። በመስመሩ ውስጥ ከዘሩ ሥር ይደረጋል። ፎስፈረስ ያለበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከበዛ ተክሉ ፎስፈረሱን በራሱ ስለሚያገኝ ፈንገሱን ያባርረዋል። በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘርም አይስማማውም። ጎመን የዚህ ፈንገስ አስተናጋጅ ስላልሆነ ጎመን በከረመበት መደብ ላይ ቁጥሩ ይቀንሳል። በቆሎና ቦሎቄ ሲፈራረቁበት በኖረ ጓሮ ግን ፈንገሱ ድሮውንም አለ፤ እዚያ መግዛት ለወንዝ ውኃ መሸጥ ነው። የሚያዋጣው የላይ አፈሩ ለታጠበ ማሳና በእሳት ወይም በእንፋሎት በተቀቀለ የችግኝ አፈር ላይ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ በዓይን አለመታየቱ ነው፤ መሥራቱን ለማወቅ ሥሩን ቀለም አስነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ራይዞቢየም በዚህ ይበልጠዋል፦ አበባ ሲጀምር ተክሉን በአካፋ አውጥቶ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች መሰንጠቅ ብቻ ነው። ውስጣቸው ቀላ ካለ ይሠራሉ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም። የ125 ግራሙ የራይዞቢየም ፓኬት 4 ለሄክታር ይበቃል። ዘሩ በስኳር ውኃ ረጥቦ ጥላ ሥር ከራይዞቢየሙ ጋር ይለወስና በዚያው ቀን ይዘራል። አኩሪ አተር ላልለመደው ማሳ ይህ የግድ ነው። ፒኤች (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ደግሞ ኖራው ይቅደም።

የሥር ፈንገሱን በቤት ማባዛትም ይቻላል። ጤናማ የቦሎቄ ማሳ አፈር ከንጹሕ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በቆሎ ወይም ማሽላ ይዘራበታል። ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ውኃው ይቋረጥና ለ2 ሳምንት ይደርቃል፤ ፈንገሱ ስፖር የሚያበዛው ያኔ ነው። ከዚያ ግንዱ ተቆርጦ ሥሩ ይከተፋል፣ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ በየጉድጓዱ አንድ ጭብጥ ይደረጋል። አፈሩ ሥር አበስባሽ በሽታ ካለበት ማሳ ከመጣ ግን የሚባዛው በሽታውም ነው።