«ለሁሉም ብረት ይሆናል» የሚባለውን ፖሊሽ አትግዙ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤታችሁ አሮጌ ወይም ውድ አምፕሊፋየር (የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ) ያለ ወገኖቼ፣ ይህን ሳታነቡ ለማጽጃ ብላችሁ ለማንም እንዳትከፍሉ። በ95 ዶላር የገዛሁት ፖሊሽ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ክሮም አበላሽቶብኛል። የሸጠልኝ ሰው አሁንም እየሸጠ ነው።

ዕቃው ማኪንቶሽ ኤምሲ275 ነው። ባለ ቲዩብ፣ ማለትም አምፑል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ አምፕሊፋየር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ እስከ 1973 ተመርቷል። ኩባንያው በ1949 የተመሠረተው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ወደ ኒውዮርክ፣ ቢንግሃምተን የሄደው በኋላ ነው። ይህን ያወቅኩት ከገዛሁት በኋላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ወደድኩት። የጥላሁንን ሸክላ የምሰማው በእሱ ነው። ቲዩቦቹ የተተከሉበት አካል ክሮም ቅብ ብረት ነው፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ታዲያ ጣት በነካው ቁጥር አሻራ ይቀርበታል፣ አቧራም ቶሎ ይታይበታል። እንግዳ ልጋብዝ አስቤ «አንዴ በደንብ ላጽዳው» አልኩ።

አንድ የማውቀው ሰው ከሻጩ ጋር አገናኘኝ። ሻጩ ቤቴ ድረስ መጣ። ከቦርሳው የጠቆረ የነሐስ ሳህን አወጣ። ፖሊሹን ጠብ አድርጎ ሲያሸው ጨርቁ ጥቁር ሆነ፣ ሳህኑ ወርቅ መሰለ። «አየህ ወንድሜ፣ የዓመታት ቆሻሻ ነው የወጣው። ለሁሉም ብረት ይሆናል» አለኝ። አንድ ሰማያዊ ጠርሙስ፣ አንድ ጨርቅ፣ ድሪል ጫፍ ላይ የሚገባ ክብ ስፖንጅ ሰጠኝ። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደያዘ የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ የለም። ያኔ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ብሩን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላክሁለት።

እሱ እንዳሳየኝ አደረግኩ። መጀመሪያ ደብዘዝ አለብኝ። ስደውልለት «ደጋግመህ እሸው፣ ይወጣል» አለኝ፤ ደጋገምኩ። በማግስቱ በመስኮት ብርሃን ሳየው ልቤ ወደቀ። ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል። ጠርዙ ላይ ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። አካሉ ላይ ከታተሙት ጥቁር ፊደሎች ግማሾቹ ደብዝዘዋል።

ፎቶ ላክሁለት። ገንዘቡን መመለስ ቀርቶ፣ «በማሽን መሞረድ አለበት፤ 350 ዶላር ክፈልና ወስጄ አዲስ አደርገዋለሁ» አለኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የሚያበላሽ ነገር ይሸጣል፣ ከዚያ ጥገናውን ይሸጣል። እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም ሰምቻለሁ፤ ሌላ ሰው 350ውን ከፍሎ ዕቃው ጭራሽ ቢጫ ሆኖ ተመልሶለታል።

እኔን ያዳኑኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አምፕሊፋየሩን በአምፑል ስር አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ የለቀቀው ቆሻሻ አይደለም፤ ክሮሙ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነሐስ ሳህን ከላይ እስከ ታች ነሐስ ነው፤ ብትፍቀው ከስሩ ሌላ ነሐስ ታገኛለህ። ክሮም ግን ስስ ሽፋን ነው። ለጌጥ የሚቀባው ክሮም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን በታች ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከፀጉር መቶ ጊዜ በላይ ይሳሳል ማለት ነው። ከስሩ ያለው ኒኬል የሚባል ሌላ የብረት ሽፋን ወደ ቢጫ ያደላል፣ እኔ ያየሁት ቢጫ እሱ ነው። ከኒኬሉ ስር ብረቱ አለ። እዚያ ከተደረሰ ዝገት ይጀምራል። የሄደውን ክሮም የሚመልስ ፖሊሽ ደግሞ የለም። ያለው መፍትሔ ሁሉንም ፈታቶ እንደገና ማስቀባት ነው፤ ያኔ የታተሙት ጽሑፎችም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላውም ብረት የራሱ ጠባይ አለው። የቅርብ ጊዜዎቹ ኤምሲ275 አካላቸው የተወለወለ የማይዝግ ብረት ነው። ይህ ጠንካራ ነው ብላችሁ በረኪና እንዳታስጠጉት፤ ክሎሪን ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣበታል። የሻምፓኝ (ፈዛዛ ወርቃማ) ቀለም ያላቸው የአንዳንድ አምፕሊፋየሮች የአሉሚኒየም ፊቶች ደግሞ ቀለማቸው ያለው ላያቸው ላይ በተሠራው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ውስጥ ነው። የምድጃ ማጽጃና የመሳሰለው ጠንካራ ኬሚካል ያንን ሽፋን ይበላዋል። የቤታችን ዘዴም እዚህ አይሠራም። ድስት በአመድ ፈትገን፣ ነሐስ በሎሚ አሽተን ነው ያደግነው። ለድስቱ ጥሩ ነው፤ ለአምፕሊፋየር ግን አመድም፣ ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም አይሆንም።

ጋሼ ያሳዩኝ አጸዳድ ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ቲዩቦቹ ፈጽመው እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ። ውስጡን በፍጹም አትክፈቱ፤ እነዚህ ዕቃዎች ከ400 ቮልት በላይ ይሠራሉ፣ ውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ክፍሎች (ካፓሲተሮች) ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። ይህ መቅደም አለበት፣ አቧራ ላይ ጨርቅ ከሄደ ራሱ አቧራው ይጭራል። ከዚያ ንጹሕ ማይክሮፋይበር (ለስላሳ የማጽጃ ጨርቅ) በተጣራ ውኃ አርጥባችሁ፣ በደንብ ጨምቃችሁ፣ ሳትጫኑ ጥረጉት። አሻራው እምቢ ካለ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውኃው ላይ ጨምሩ። ውኃ ዕቃው ላይ አትርጩ፣ ጨርቁ ላይ ብቻ። ጽሑፍ የታተመበትን ቦታ እለፉት። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰው ሊሸጥላችሁ ከመጣ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምን እንደያዘ የሚገልጽ የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ኬሚካል አምራቹ ያዘጋጀው ወረቀት አለው፤ ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ ጠርሙስ ግን አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ሙከራውን በነሐስ ሳይሆን በአሮጌ ክሮም ቅብ ላይ፣ ለምሳሌ በተጣለ የቧንቧ እጀታ ላይ እንዲያሳያችሁ። እኔ ይህን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር።

ክፍያውንም በዜል አታድርጉ። ራሳችሁ የላካችሁትን ብር ባንክ እምብዛም አይመልስም፤ በክሬዲት ካርድ ከሆነ ግን ክርክር የማንሳት ዕድል አለ። እኔ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ፎቶዎቹንና መልእክቶቹን አያይዤ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ከዚሁ ሰው ገዝታችሁ የተበላሸባችሁ ካላችሁ እናንተም አስገቡ፣ ማመልከቻው ነጻ ነው። ጠርሙሱንም አትጣሉት። የእኔ ሰማያዊ ጠርሙስ ግማሹ እንዳለ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ከጠየቁኝ አቀርበዋለሁ።