የእማዬ የጤና መድን ደብተር፦ የሸፈነልንና ያልሸፈነልን

እማዬ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው አምና በፍልሰታ ጾም ነው። «ጾሙ ይፈታና እታያለሁ» አለች። እኔ እንቢ አልኩ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ነበረን። በየዓመቱ መዋጮውን ስከፍል ይቆጨኝ ነበር፤ ዘንድሮ አልቆጨኝም። ድሬዳዋ ካለው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈን፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ሆስፒታል ገባን። እብጠቱ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ አልጋ፣ የመጀመሪያዎቹ 4 ዙር ኬሞ በደብተሩ አለቁ። ሪፈር ሳትይዙ ግን እንዳትሄዱ፤ ከኪስ ያስከፍላል።

ጣጣው የመጣው ትራስቱዙማብ ላይ ነው። የእማዬ ካንሰር ሄር-2 ፖዘቲቭ፣ ማለትም ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን የበዛበት ዓይነት ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በየ3 ሳምንቱ፣ ዓመት ሙሉ ይሰጣል። ወደ 18 ጊዜ ማለት ነው።

ፋርማሲስቷ ማዘዣውን ገልብጣ «የለም» የሚል ማኅተም መታችበት። የአንዱ ዙር ዋጋ ከ2 ወር ደሞዜ ይበልጣል። ገዝቼ ደረሰኙን ይዤ ወደ መድኑ ቢሮ ሄድኩ። «ከውጭ የተገዛ አንመልስም» ተባልኩ። ለመድኑ ነጥብ ስሰጥ ከ5 ኮከብ 2 የቀነስኩት ለዚህች መልስ ነው። መድን ዋጋ የሚኖረው ትልቁ ወጪ ሲመጣ ነው እኮ!

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ አመጣው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ስለዚህ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጣት፣ በረዶው እንዳይነካት ጠርሙሷን በእማዬ አሮጌ ነጠላ ጠቅልሏታል። አዋሽ ላይ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በጋቢ ሸፈነው። ድሬ ሲገባ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ሱቅ። «አቦ፣ ለስላሳው ይውጣ፣ የእማማ መድኃኒት ይግባ!» ብሎ ፍሪጁን ከፈተልን። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ብር ይተርፈኝ ነበር። ትራስቱዙማብ ከመጀመሪያው አምራች ሌላ ባዮሲሚላር የሚባሉ ተመሳሳይ ምርቶች አሉት። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን በ2019 እ.ኤ.አ. መዝኖ አጽድቋል። ሐኪማችንን ጠይቀን ቀየርን፤ ዋጋው ብዙ ቀነሰ። እናንተም ሳትገዙ በፊት ጠይቁ። ወደ ሐረር ከመሳፈራችሁ በፊትም መድኃኒቱ መኖሩን በስልክ አረጋግጡ።

እማዬ ሰኞ 6ኛዋን ትወስዳለች። ደብተሩንም ትናንት አሳድሼዋለሁ።