ከግሉተን ነፃ የሆነ ነጭ ቢራ ደሴ ላይ ቀመስን

ፍርዴን ላስቀድም። ይህ ቢራ ጥሩ ቢራ ነው። «ለታማሚ ይበቃል» ማለቴ አይደለም፤ ጤነኛ ሰውም ገዝቶ ቢጠጣው ገንዘቡ አይቆጨውም። ሽታው በጣም ደስ ይላል። ጣዕሙ ንጹሕ ነው። የጎደለው ውፍረት ነው፤ አፍ ላይ ይሳሳል። አረፋውም አይቆይም። ምክንያቱ ከእህሉ ስለሆነ ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ የወሎ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

እኔ ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለብኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሆዴ ሲገባ፣ ሰውነቴ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ተራ አለርጂ አይደለም። የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘለትም። ያለው መፍትሔ ግሉተን ያለበትን ነገር ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «ጤፍ አለልሽ አይደል?» ይለኛል። ልክ ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ማሽላም የለውም። ግን ደሴ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ቤት ዋሉና እዩት። ቡና ሲፈላ ዳቦ ይቆረሳል። ቆሎው ገብስ ነው። በሶው ገብስ ነው። ለዒድ ጎረቤት ስንሄድ የሚቀርበው ቀሪቦም ከተቆላ ገብስ ነው። ለፋሲካ የሚቀዳው ጠላ ደግሞ ብቅሉ ብዙ ጊዜ የገብስ ነው። ከሱቅ የሚገዛ እንጀራም ቢሆን ምን እንደተቀላቀለበት ሳይጠየቅ አይበላም። እምቢ ማለት ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነው። «አፈር ስሆን!» እየተባልሽ ብርጭቆ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም።

ቢራንም ያው ተውኩት። ኮምቦልቻ ፋብሪካው አለ፣ ደሴ ደግሞ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ዋናው ጥሬ እቃ ግን የገብስ ብቅል ነው። ስለዚህ ወንድሜ ከካናዳ፣ ከሞንትሪያል ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ ጥቂት ጣሳ ይዞልኝ ሲመጣ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ለዚያውም የቤልጂየም ዓይነት ነጭ ቢራ!

የዚህን ቢራ ታሪክ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ነጭ ቢራ የሚባለው ቤልጂየም ውስጥ ከብራስልስ በስተ ምሥራቅ ባለችው ሁጋርደን በተባለች ትንሽ ከተማ የታወቀ የስንዴ ቢራ ነው። ከእህሉ ግማሽ ያህሉ ብቅል ያልሆነ ጥሬ ስንዴ ነው፤ የቀረው የገብስ ብቅል። ድንብላልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። ሳይጣራ ስለሚቀዳ ደፍረስ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በከተማዋ የቀረው የመጨረሻው ጠማቂ ቤት ተዘጋ፤ ቢራውም ጠፋ። በ1966 ግን ፒየር ሴሊስ የሚባል፣ ቀድሞ ወተት እያመላለሰ ይሸጥ የነበረ ሰው እንደገና መጥመቅ ጀመረ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚጠጣው ነጭ ቢራ ያን ፈለግ ተከትሎ የመጣ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የቢራው ግማሽ ስንዴ፣ ግማሹ ገብስ ነው። ለእኔ ሁለቱም ክልክል ናቸው። ሁለቱንም አውጥቶ ያንኑ ጣዕም ማምጣት ትልቅ ሥራ ነው። ቢራውን የመዘንኩትም ይህን ይዤ ነው።

የቢራውን ስም ትቼዋለሁ፤ የማወራው ስለ ዓይነቱ ስለሆነ። ጣሳው 473 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አልኮሉ 5 በመቶ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ውሃ፣ የሚሌት ብቅል፣ ባክዊት፣ በቆሎ፣ ድንብላል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ሆፕስ (እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጥ አበባ)፣ እርሾ። ሚሌት ከእኛ ዳጉሳ ወገን የሚመደብ ጥቃቅን እህል ነው። ባክዊት ደግሞ ከስንዴ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ሦስት ጠርዝ ያለው ጠቆር ያለ ፍሬ ነው።

የቀመስነው እትዬ ቤት ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጠላ በመጥመቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ስለ መጠጥ ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ አላውቅም። ቢራ የሚወድ አንድ የሥራ ባልደረባዬንም ጠራሁ።

አቀዳዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቢራውን ያበላሸዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ጣሳው ሲከፈት ጋዙ ቶሎ ይወጣል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ ግማሹ አረፋ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ፣ ብርጭቆውን አዘንብዬ፣ በቀስታ ቀዳሁ። ሁለት ሦስተኛው ሲቀዳ ቆም አልኩ። ከዚያ ጣሳውን በእጄ ይዤ ዞር ዞር አደረግኩትና የቀረውን ጨመርኩበት። እርሾው ታች ስለሚዘቅጥ ነው። ይህ ካልተደረገ ቢራው ጠርቶ ይቀዳል፤ ጣዕሙም ይጎድላል።

እትዬ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩትና «ጉሽ ናት» አሉ። በእርግጥም ጉሽ ነው። መልኩ እንደ ገለባ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ጭጋግ አለው። አረፋው መጀመሪያ ላይ ነጭና ወፍራም ሆኖ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ግን ይከስማል፤ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ስስ ቀለበት ብቻ ይቀራል። እውነተኛው የስንዴ ቢራ አረፋው እስከ መጨረሻው ጉንጭታ አብሮ ይወርዳል።

ሽታው ግን! አፍንጫዬን እንዳስጠጋሁ ቀድሞ የመጣው ብርቱካን ነው። የጭማቂው ሽታ አይደለም፤ ልጣጩ በጥፍር ሲጫር የሚረጨው የዚያ ዘይት ሽታ ነው። ከኋላው ድንብላል ይከተላል። እኛ ድንብላልን የምናውቀው ተቆልቶ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ገብቶ ነው። እዚህ ሳይቆላ ተሰባብሮ ስለገባ ሽታው ሌላ ነው፤ ወደ ሎሚ ያደላል። ባልደረባዬ «ሽቶ ጨምረውበታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አልተጨመረበትም። የቅመሙ ነው።

ሲጠጣ ለዘብ ባለ ኮምጣጣነት ይጀምራል። መሐል ላይ ከባክዊቱ ይመስለኛል፣ የተቆላ ለውዝ የሚመስል ነገር ይመጣል። ከዚያ ደረቅ ብሎ ያልቃል። ጣፋጭ አይደለም። ምሬቱም ጥቂት ነው። ከዚህ በፊት የቀመስኳቸው ግሉተን የሌላቸው ቢራዎች አፍ ላይ ብረት ብረት የሚል ነገር ይተዉ ነበር። ይህ ያ የለበትም። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው።

እትዬ ሁለት ጊዜ ተጎነጩና ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ሽታዋስ ሸጋ ናት፣ ልጄ። ግን ቀጥናለች። ቅራሪ ወደ መሆኑ ሄዳለች። ብቅሏን ማን ከለከላት?»

«ብቅሉማ አለ፣ እትዬ። የገብስ አይደለም እንጂ።»

«ታዲያ የገብስ ያልሆነ ብቅል ሲበዛለት ነው እንጂ እንዲህ በስሱ ይሆናል?»

እትዬ ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ነገሩን ግን አግኝተውታል። ጠላ የቀዳ ሰው ቅራሪ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የሚገኘው ቀጭኑ ነው። ቢራው እዚያ ባይደርስም ወደዚያ ያዘነብላል። ምክንያቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አረፋን አቅፎ የሚይዘውና መጠጡን ወፈር የሚያደርገው በአብዛኛው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ነው። እሱ ሲወጣ ቦታውን የሚሞላ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የገብስ ብቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም እንደ ልብ አለው። የማሽላና የሚሌት ብቅል ግን በዚህ በኩል ደከም ይላል። በዚያ ላይ ስታርቻቸው የሚላላው ከገብሱ በበለጠ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ሲጨመር ደግሞ ያው ጥቂቱ ኢንዛይም ይሞታል። ጠማቂው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው የሚሠራው። ይህን ሳውቅ ቢራው መሳሳቱን ይቅር አልኩት። ሆኖም መሳሳቱ መሳሳት ነው፤ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

ምግብስ? ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ጠብሼ ነበር። ዱቄቱ የበቆሎ ነው። ሴሊያክ ያለባችሁ ልብ በሉ፤ ምግብ ቤት የሚጠበስ ዓሣ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሳትጠይቁ አትዘዙ። የቢራው ብርቱካንና ድንብላል ከዓሣው ጋር ሲገናኝ በጣም ተስማማ። ከቀይ ወጥ ጋር ግን አልሄደም። በርበሬው ዋጠው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ውጭ አገር ዘመድ ኖሯችሁ የምታስመጡ ካላችሁ፣ ሁለት ዓይነት ቢራ እንዳለ እወቁ። አንደኛው ከመነሻው ገብስም ስንዴም ያልገባበት ነው። ሁለተኛው በገብስ ተጠምቆ፣ በኋላ ግሉተኑ በኢንዛይም እንዲቆራረጥ የተደረገ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚለው በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ሲሆን ነው። ችግሩ፣ የተቆራረጠ ግሉተንን በተለመደው ምርመራ በትክክል መለካት አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ደንብ፣ የተብላላ ምግብ ወይም መጠጥ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል ጥሬ እቃው ከመብላላቱ በፊት ነፃ መሆን አለበት ያለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ወይም ዘመዳችሁ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ገብስ የሚል ቃል ካለ ለሴሊያክ ሰው አይሆንም። እኔ አልነካውም።

ይህን ቢራ ስጠጣ ሐሳቤ ደጋግሞ ወደ ቆላው ሄደ። ቃሉ፣ ባቲ፣ ቆቦ ማሽላ ነው። ጅጉርቲ የሚባለው ማሽላ አለ፣ ለጠላ የሚፈለገው ዘንጋዳው አለ። መርሳና ግራና ብርቱካን አለ። ድንብላሉ በየገበያው ይሰፈራል። ካናዳውያን ከየቦታው የሚሰበስቡት ነገር እኛ ጋ ከደሴ ቁልቁል ሲወረድ ይገኛል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1988 የገብስ ብቅል እንዳይገባ ስትከለክል የቢራ ፋብሪካዎቿ ወደ ማሽላና በቆሎ ዞረዋል። ስለዚህ በትልቅ ፋብሪካም ይቻላል ማለት ነው። አንድ ጠማቂ ለሴሊያክ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ለቆላው ገበሬም ሲል ቢሞክረው ከልቤ እመኛለሁ። ግን መስመሩ ከገብሱ የተለየ መሆን አለበት። በአንድ ጋን ሁለቱን ማፈራረቅ አይቻልም። እትዬ ይህን ስለተረዱልኝ ለእኔ የሚጠምቁትን ጠላ በማሽላ ብቅል፣ በዘንጋዳ አሻሮ፣ በሌላ ጋን ነው የሚያደርጉት። ወፍጮውን እንኳ መጀመሪያ ማሽላ አስፈጭተው፣ የመጀመሪያውን ዱቄት ለዶሮ ጥለው ነው የኔን የሚይዙት። እግዜር ይስጣቸው!

ያ ጠላ ከዚህ ቢራ ይወፍራል። ሽታ ላይ ግን ቢራው ይበልጣል። ለእትዬም ነገርኳቸው፤ «ታዲያ ድንብላል መጨመር ምን ያቅታል» አሉና ለሚቀጥለው ጥንስስ ከአሁኑ እያሰቡበት ነው።

ነጥብ ስጪ ብባል ለሽታው ከ10 ዘጠኝ፣ ለጣዕሙ ስምንት፣ ለአረፋውና ለውፍረቱ አምስት እሰጣለሁ። ባልደረባዬ የዘወትር ቢራውን አይለውጥበትም፤ ሞቅ ባለ ቀን ከዓሣ ጋር ቢያገኘው ግን አይጠላውም። ሴሊያክ ላለበት ሰው ያለ ማመንታት አስመጡ እላለሁ። ስታስመጡ ከጠርሙስ ይልቅ ጣሳ ይሁን፤ ብርሃን ሆፕሱን ያበላሸዋል፣ ጠርሙስም ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል። የመጠቀሚያ ቀኑም ቅርብ እንዳይሆን አስተውሉ፤ የብርቱካኑ ሽታ ቀድሞ የሚሄደው ነገር ስለሆነ ይህ ዓይነት ቢራ ትኩስነቱ ሳያልፍ መጠጣት አለበት። እስክትጠጡት ድረስ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት።