ጃንጎ አድሚን፦ ለሁለት እርከን የተመቸ፣ ከዚያ በታች መንገድ የሚያስጠፋ

ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የመለማመጃ ጥያቄ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ስሠራ፣ መምህራን ጥያቄ የሚያስገቡበትንና የሚያርሙበትን ክፍል ያዘጋጀሁት በጃንጎ አድሚን ነው፤ ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ የሚሠራበት ማዕቀፍ ሲሆን፣ አድሚን ደግሞ መረጃ ማስገቢያና ማረሚያ ገጾችን በራሱ የሚያዘጋጅ ክፍሉ ነው። መረጃው አራት እርከን አለው፤ በትምህርት ዓይነት ሥር ምዕራፍ፣ በምዕራፍ ሥር ጥያቄ፣ በጥያቄ ሥር ደግሞ አራት የመልስ ምርጫዎች አሉ።

ለታችኞቹ ሁለት እርከኖች ከዚህ የተሻለ ነገር በነጻ ማግኘት ያስቸግራል። ኢንላይን የሚባለው አሠራር ጥያቄውንና ምርጫዎቹን በአንድ ገጽ ላይ ያቀርባል፤ ከምርጫዎቹ አንዱ ስህተት ካለበትም ምንም ሳይቀመጥ ስህተቱ በዚያው መስመር ላይ ይታያል። ሳይነገረው የሚጨምረው ባዶ መስመር 3 ስለሆነ፣ ቁጥሩን ወደ 4 ከፍ አድርጌ ከዚያ እንዳያልፍ ገደብ አበጅቼለታለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከምዕራፍ ሲነሡ ነው። ጃንጎ በኢንላይን ውስጥ ሌላ ኢንላይን ስለማያስገባ፣ የምዕራፉ ገጽ ጥያቄዎቹን እንጂ ምርጫዎቻቸውን ሊያሳይ አይችልም። በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ወደ ማረሚያ ገጹ የሚወስድ ሊንክ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን መምህሩ ያንን ተጭኖ ሲገባ ከገጹ አናት ያለው የመንገድ ምልክት «መነሻ › ፈተና › ጥያቄዎች» ብሎ የጥያቄውን ስም ያስከትላል እንጂ የመጣበትን ምዕራፍ አይጠራም። አርሞ «አስቀምጥ» ሲል ደግሞ የሚመለሰው ወደ ምዕራፉ ሳይሆን ባዮሎጂው ከፊዚክሱ ተደባልቆ ወደተደረደረበት የጥያቄዎች ዝርዝር ነው። አርባ ጥያቄ የሚያርም ሰው አርባ ጊዜ ምዕራፉን እንደገና ይፈልጋል ማለት ነው፤ የሰው ድካም እንዲህ መባከኑ ያሳዝነኛል። ጃንጎ የተወለደው በካንሳስ በሚገኘው የላውረንስ ጆርናል ወርልድ ጋዜጣ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ አንድን ጽሑፍ ከነፎቶዎቹ ለማረም ሁለት እርከን ይበቃ ስለነበር ይመስለኛል አድሚኑ በዚህ መልክ የቀረው።

መፍትሔው ያለው በራሱ በጃንጎ ውስጥ ነው። ከምዕራፉ ገጽ በዚያ ምዕራፍ ብቻ ወደተጣራ የጥያቄዎች ዝርዝር የሚወስድ ሊንክ አስቀመጥሁ፤ አድሚኑ ማጣሪያውን ስለሚያስታውስ፣ መምህሩ ከዚያ ዝርዝር ገብቶ አርሞ ሲያስቀምጥ ወደዚያው ዝርዝር ይመለሳል። አዲስ ጥያቄ ለመጨመርም የምዕራፉን ቁጥር በአድራሻው ውስጥ የያዘ ሊንክ ስላዘጋጀሁ፣ ፎርሙ ምዕራፉ ተሞልቶ ይከፈታል። በመጨረሻም የጥያቄው መጠሪያ በምዕራፉ ስም እንዲጀምር አደረግሁ፤ የመንገድ ምልክቱ የዘለለውን ይህ ይሞላዋል።

ያለ ምንም ማስተካከያ የወደድሁት የመሰረዣ ገጹን ነው። ምዕራፍ ልሰርዝ ሲሉ አብረው የሚጠፉትን ጥያቄዎችና ምርጫዎች እርከናቸውን ጠብቆ ይዘረዝርና ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማረሚያ ገጹም መረጃው በምን ሥር እንዳለ እንዲህ ቢያሳይ ምንኛ በተሻለ ነበር።

ሁሉንም እርከን በአንድ ገጽ ላይ የሚያጭቁ ተጨማሪ ጥቅሎች (ሌሎች ለጃንጎ የሠሯቸው ማከያዎች) አሉ፤ እኔ ግን አልመርጣቸውም። ጃንጎ በአንድ ፎርም የሚቀበለው የመስክ (የሚሞላ ቦታ) ብዛት፣ ገደቡ ካልተቀየረ፣ 1000 ነው፤ አንድ ጥያቄ ከነምርጫዎቹ አሥር መስክ ቢይዝ መቶ ጥያቄ ያለው ምዕራፍ ገደቡን ይነካል። ገደቡን ከፍ ማድረግ ቢቻልም፣ በስልክ የሚሠራ መምህር ያን ሁሉ ገጽ እየገፋ አንዲት ፊደል ለማረም መቸገር የለበትም።