ለሚንቀጠቀጥ ስቶፕ ሞሽን ሁጂንን ሞክሩት

ስቶፕ ሞሽን፣ ማለትም ፎቶ በፎቶ እየተነሳ የሚሠራ አኒሜሽን፣ የሠራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አሻንጉሊቱን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሳችሁ ስታነሱ ክርናችሁ ትራይፖዱን ነካ ያደርገዋል፣ ቪዲዮው ሲከፈት ደግሞ ጠረጴዛው ሁሉ እስክስታ ይወርዳል። በሰከንድ 12 ፍሬም ከሆነ 10 ሰከንድ ማለት 120 ፎቶ ነው። እንደገና ማንሳት? ኧረ በፍጹም።

ሁጂን ነጻ የፓኖራማ ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ፎቶ አገጣጥሞ አንድ ሰፊ ምስል ይሠራል። መሠረቱ ፓኖራማ ቱልስ የተባለው የሄልሙት ዴርሽ ሶፍትዌር ሲሆን በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ አምስት ሳንቲም አያስከፍልም። እኛ የምንፈልገው ግን ፓኖራማውን ሳይሆን አብሮት የሚጫነውን አላይን ኢሜጅ ስታክ (align_image_stack) የሚባል መሣሪያ ነው። በፎቶዎቹ መካከል የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ይፈልግና ካሜራው ምን ያህል እንደዞረ አስልቶ እያንዳንዱን ፍሬም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፣ ትዕዛዝ መጻፍ ግድ ነው። አንድ መስመር ስለሆነ አትፍሩት።

ዋናው ነገር መሣሪያው ለኤችዲአር፣ ማለትም በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሱ ፎቶዎችን ወደ አንድ ለማዋሃድ፣ የታሰበ መሆኑ ነው። ዝም ካላችሁት ፎቶዎቹን በብርሃን መጠናቸው ይደረድራቸዋል፣ ይህ ደግሞ ለእኛ ቅደም ተከተሉን የሚያተራምስ ነገር ነው፤ ስለዚህ ትዕዛዙ ላይ «ዩዝ ጊቭን ኦርደር» (--use-given-order) የሚለውን አማራጭ እንዳትረሱ። በተጨማሪም እያንዳንዱን ፍሬም ከጎኑ ካለው ጋር ብቻ ስለሚያስተያይ ትንንሽ ስህተቶች እየተጠራቀሙ መጨረሻ ላይ ምስሉ ተንሸራቶ ሊገኝ ይችላል። «አላይን ቱ ፈርስት» (--align-to-first) የሚለው አማራጭ ሁሉንም ከመጀመሪያው ፍሬም ጋር ያስተያያል፣ ካሜራው አንድ ቦታ ለቆመበት ትዕይንት እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ትዕዛዙ ላይ ትልቁ ሲ (-C) ትርፍ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ትንሹ ሲ (-c) ግን የሚፈለጉትን ነጥቦች ብዛት መወሰኛ ነው። ማን እንዲህ እንዳደረገው እንጃ!

የሚያስቸግረው አሻንጉሊቱ ራሱ ነው። ነጥቦቹ እሱ ላይ ካረፉ ሶፍትዌሩ የቆመው እሱ፣ የሄደው ግድግዳው ይመስለዋል። በጣም የሳቱ ነጥቦችን ራሱ ይጥላል፣ ግን አሻንጉሊቱ ፍሬሙን ከሞላው ይህም አይበቃም። ያኔ ፕሮጀክቱን በሁጂን ከፍቶ አሻንጉሊቱ ላይ ያሉትን ነጥቦች በእጅ መሰረዝ ነው፣ አሰልቺ ሥራ ነው። ከኋላ ጋዜጣ ወይም ጥለት ያለው ጨርቅ ብትሰቅሉ ነጥብ የሚይዝበት ያገኛል፤ ልሙጥ ነጭ ግድግዳ ግን ምንም አይሰጠውም።

ካሜራው ዞር ካለ በደንብ ያስተካክላል። ከቦታው ከተገፋ ግን ቅርብና ሩቅ ያለው ነገር እኩል ስለማይንቀሳቀስ ከነጥቦቹ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። የብርሃን ብልጭልጭታንም አያጠፋም፣ ለሱ መጀመሪያውኑ ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጎ (ብርሃኑን ራሱ እንዳይቀያይር) ማንሳት ይሻላል።

የሚያወጣው ቲፍ (TIFF) የሚባል ከባድ የፎቶ ፋይል ስለሆነ ዲስክ ይበላል። ፎቶዎቹን ቀድማችሁ ወደ ቪዲዮው መጠን ጠጋ አድርጋችሁ ብታሳንሱ ይፈጥናል፣ ግን ጠርዙ ስለሚቆረጥ ትንሽ ትርፍ ተዉለት። ከዚያ ፎቶዎቹን ኤፍኤፍኤምፔግ (FFmpeg) በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ወደ ቪዲዮ ማገጣጠም ነው።