የሊሊያን ጊሽ ድምፅ አልባ ፊልሞች በዲቪዲ፦ ከመግዛትዎ በፊት

የተዋናይት ሊሊያን ጊሽን አምስት ድምፅ አልባ ፊልሞች የያዘ የዲቪዲ ሳጥን በኢንተርኔት ገዝቼ እያንዳንዱን ፊልም ሁለት ሁለት ጊዜ ካየሁ በኋላ ይህን አስተያየት ጽፌያለሁ። የማነሣቸው ጉድለቶች በርካሽ በሚሸጡ ብዙ የድሮ ፊልም ቅጂዎች ላይ የሚታዩ በመሆናቸው አሳታሚውን በስም መጥቀስ አላስፈለገኝም። በ1928 የወጡ ፊልሞች ከ2024 መግቢያ ጀምሮ፣ ከእነርሱ የቀደሙት ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ፣ በአሜሪካ ሕግ ከቅጂ መብት ነፃ ስለሆኑ ማንም ሰው በእጁ የገባውን ቅጂ አባዝቶ መሸጥ ይችላል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ፊልሞቹን በቀላሉ እንድናገኝ ረድቶናል። ሆኖም የጊሽ ትወና በእጅ እንቅስቃሴና በዓይን አመለካከት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ቅጂው ሲበላሽ አብሮ የሚበላሸው እርሱ ነው።

ጊሽ በ1893 በኦሃዮ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወልዳ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷና ከእህቷ ከዶሮቲ ጋር በተጓዥ የቴአትር ቡድኖች ውስጥ ስትሠራ አደገች። በ1912 እህትማማቾቹ ጓደኛቸውን ተዋናይት ሜሪ ፒክፎርድን ሊጠይቁ ወደ ባዮግራፍ የፊልም ኩባንያ ጎራ ሲሉ ከዳይሬክተሩ ከዲ. ደብሊዩ. ግሪፊዝ ጋር ተገናኙ። ሊሊያን እንደምትተርከው፣ ግሪፊዝ ሁለቱን መለየት ስላቃተው ለእርሷ ሰማያዊ፣ ለዶሮቲ ቀይ ሪባን አስሮ በቀለሙ ይጠራቸው ነበር። በዚያው ዓመት የጀመረው የፊልም ሥራዋ እስከ 1987 ድረስ 75 ዓመት ዘልቋል። በመካከሉ በ1920 አንድ ፊልም ራሷ ዳይሬክት አድርጋ ነበር፤ ያ ፊልም ግን ጠፍቷል፤ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እርሱ ነው።

የሳጥኑ የመጀመሪያ ዲቪዲ የ1915ቱን «ዘ በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» የያዘ ነው። ይህ ፊልም ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን የነጮች ዘረኛ ድርጅት እንደ ነፃ አውጪ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ደግሞ እንደ አውሬ የሚያሳይ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ክላኑ እንደገና እንዲቋቋም መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነበር። አሳታሚው አንድ መስመር ማብራሪያ እንኳ ሳያስቀድም «ታላቅ ክላሲክ» ብሎ ማቅረቡን ትልቅ ጥፋት አድርጌ እወስደዋለሁ። ጊሽን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ፊልም መጀመር የለበትም፤ ብቃቷ ጎልቶ የሚታየው በኋላ በመጡት ሥራዎቿ ነው።

መጀመር ያለበት ከ1919ኙ «ብሮክን ብሎሰምስ» ነው። ጊሽ የምትጫወታት ሉሲ በለንደን ላይምሃውስ ሰፈር የምትኖር፣ ቦክሰኛ አባቷ በየቀኑ የሚደበድባት ልጅ ናት። አባቷ ፈገግ እንድትል ሲያዝዛት ሁለት ጣቶቿን ወደ ከንፈሯ ዳርና ዳር ታነሣና የአፏን ጫፎች ወደ ላይ ገፋ ታደርጋለች። ከንፈሯ ፈገግ ሲል ዓይኖቿ እንደፈሩ ይቀራሉ። ከዚህ የሚብሰው የቁም ሳጥኑ ትዕይንት ነው፤ አባቷ በሩን በመጥረቢያ ሲፈልጥ እርሷ በጠባቡ ጨለማ ውስጥ መውጫ እንዳጣ እንስሳ በክብ ትሽከረከራለች፤ አፏ ይከፈታል፤ ድምፅ ግን የለም፤ ድምፅ አለመኖሩም ጩኸቱን ያከብደዋል። የዚህ ሳጥን አዘጋጆች በዚህ ትዕይንት ላይ ያስገቡት ሙዚቃ ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ እየተደጋገመ የሚመጣ የደስ ደስ የሚል የፒያኖ ዜማ ነው። ድምፁን ዘግቼ በጸጥታ ደግሜ ካየሁት በኋላ ነው ትዕይንቱ እንደሚገባው የተሰማኝ። በፊልሙ ውስጥ ያለውን ቻይናዊ ገጸ ባሕርይ ነጩ ተዋናይ ሪቻርድ ባርተልሜስ መጫወቱ ዛሬ ዓይንን ይቆረቁራል፤ የእርሷ ትወና ግን ምንም አላረጀም።

የሳጥኑ ትልቁ ችግር፣ የፍጥነት መዛባት፣ በ1920ው «ዌይ ዳውን ኢስት» ላይ ይታያል። በዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ በሚዞር መዘውር ስለሚሠራ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ24 ምስል በታች ይቀርጽ ነበር፤ 24 መደበኛ የሆነው ድምፅ ከመጣ በኋላ ነው። የድሮው ፊልም በዚህ ፍጥነት ሲታይ ሰው ሁሉ እየተቻኮለ የሚሄድ ይመስላል። በዚህ ፊልም ውስጥ ጊሽ የምትጫወታት፣ በሐሰት ጋብቻ ተታልላ የተተወችው አና፣ ልጇ ሊሞት ሲል «ያልተጠመቀ ሕፃን የእግዚአብሔርን ፊት አያይም» የሚል ቃል ስትሰማ ሌሊት ብቻዋን ተነሥታ ራሷ ታጠምቀዋለች። ልጆቻችንን ክርስትና ለማንሣት ቀን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ትዕይንት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ትዕይንቱን የተሸከመችው በፍርሃት ውሃውን የምታፈስሰው እጇ ናት፤ በሳጥኑ ቅጂ ግን ያች እጅ ወጥ ላይ ጨው የምትነሰንስ ትመስላለች። ከጊሽ የወሰዱት ጊዜዋን ነው፤ የትወናዋ ግማሽ ደግሞ እርሱ ነበር። አና በበረዶ ንጣፍ ላይ ወድቃ በወንዝ የምትወሰድበት ዝነኛ ትዕይንትም በዚሁ ችኮላ ተጎድቷል። እጇና ፀጉሯ ውሃው ውስጥ እንዲጎተቱ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ስትሆን፣ ከዚያ በኋላ እጇ ዕድሜዋን ሙሉ ያማት እንደነበር ተናግራለች።

የ1921ዱ «ኦርፋንስ ኦቭ ዘ ስቶርም» ከእህቷ ጋር የሠራችው የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ ነው፤ ቅጂው መካከለኛ ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም።

ሳጥኑን እንዳልመልሰው ያደረገኝ የመጨረሻው ዲቪዲ፣ የ1928ቱ «ዘ ዊንድ» ነው። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ መርጣ ለፊልም ኩባንያው ለሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ያቀረበችው ጊሽ ራሷ ናት፤ ዳይሬክተሩ ስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትሮም ነበር። ቀረጻው በሞሃቬ በረሃ ሲካሄድ አሸዋውን የሚያስነሡት የስምንት አውሮፕላኖች ፕሮፔለሮች ነበሩ፤ ከሙቀቱ ብዛት የበር እጀታ ይዛ እጇ መቃጠሉንም ተርካለች። ጊሽ የምትጫወታት ሌቲ የገደለችውን ሰው ከቤቱ ውጭ በአሸዋ ቀብራ፣ በመስኮት ስትመለከት ነፋሱ አሸዋውን እየጠረገ ሬሳውን ቀስ በቀስ ይገልጠዋል። እዚህ ላይ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል፤ ቅጂው ጥርት ያለና ፍጥነቱ ትክክል ስለሆነ ዓይኖቿ እየሰፉ ሲሄዱ አንድ በአንድ ይታያል። እኔ በድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ከዚህ የበለጠ ትወና አላየሁም። ፊልሙ ሲወጣ ታዳሚው ፊቱን ወደሚናገሩት ፊልሞች አዙሮ ስለነበር ገበያ አላገኘም፤ እርሷም ብዙም ሳትቆይ ወደ ቴአትር መድረክ ተመለሰች።

ሙሉውን ሳጥን እንዲገዙ አልመክርም። «ዘ ዊንድ»ን ለብቻው፣ «ብሮክን ብሎሰምስ»ን ደግሞ ታድሶ ከወጣ ቅጂ ይግዙ። «ዌይ ዳውን ኢስት»ን ሲፈልጉ በማሸጊያው ጀርባ የተጻፈውን ርዝመት ይመልከቱ፤ በትክክለኛ ፍጥነቱ ከ140 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ፊልም ነው፤ ከ2 ሰዓት በታች የሚል ካገኙ ይተዉት።