ጀሶ፣ ፋይበርግላስ ወይስ ቬልክሮ? ለተሰበረ የእጅ አንጓ የቱ ይሻላል

በመጀመሪያው ቀን ለፋይበርግላስ (በጀሶ ፈንታ ለሚታሰረው የመስታወት ክር ፋሻ) ተጨማሪ ብር ማውጣት ኪሳራ ነው። አንጓ በተሰበረ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ማበጡ አይቀርም፤ ዙሪያውን የተዘጋ ነገር ከታሰረበት እብጠቱ መውጫ ያጣል። ለዚህ ጊዜ የሚሻለው ግማሽ ጀሶ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጀሶ ፋሻ ከ8 እስከ 10 ድርብ ተደርጎ፣ ከክርን በታች እስከ ጣቶች መነሻ ድረስ ጥጥ ላይ ይነጠፍና በፋሻ ይጠቀለላል። እብጠቱ ከጨመረ ፋሻውና ጥጡ ይላላል፤ አጥንቱ ግን ድጋፍ አያጣም።

ሙሉ ጀሶ ከባድ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይቦካል፣ እስኪደርቅም ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈልጋል። ያም ሆኖ ቦታውን ለቅቆ በእጅ ለተመለሰ ስብራት ከፋይበርግላስ እናስቀድመዋለን። ምክንያቱ ቅርጽ መያዙ ነው፤ እርጥብ ጀሶ መዳፍ በተጫነው ልክ ይቀመጣል፣ ፋይበርግላስ ግን ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል። አጥንቱ ወደ እጅ ጀርባ ሸሽቶ ከነበረ ጫናው ሦስት ቦታ ላይ ያርፋል፦ አንዱ በእጅ ጀርባ በኩል ከስብራቱ ወደ ጣቶች አለፍ ብሎ፣ ሁለተኛው በመዳፍ በኩል ከስብራቱ ወደ ክርን ጠጋ ብሎ፣ ሦስተኛው እንደገና በጀርባ በኩል ወደ ክርን ራቅ ብሎ። በመዳፍ እንጂ በጣት ጫፍ አይጫኑም፤ የጣት ጉድጓድ በኋላ ቆዳ ያቆስላል። ሲያልቅ ጠፍጠፍ ያለ መሆን አለበት። ቧንቧ የመሰለ ድቡልቡል ጀሶ ምንም ያህል ቢወፍር አጥንቱን አይዝም። አንጓውን አለቅጥ ወደ ታች አጥፎ ማሰርም ነርቭ ያፍናል፤ አውራ ጣት፣ አመልካች እና መሃል ጣት ሲደነዝዙ ይታወቃል።

ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ፣ ከልክ ያለፈ ድርብ፣ የቀድሞ ጀሶ ዝቃጭ ያለበት ውሃ፣ ክንዱን ገና ትኩስ እያለ ትራስ ላይ ማሳረፍ፣ እነዚህ ሲደራረቡ ቆዳ ያቃጥላሉ።

ፋይበርግላስ ላልተንቀሳቀሰ ስብራት፣ ወይም በ2ኛው ሳምንት ራጅ አጥንቱ እንደጸና ለታየለት ሰው ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ በ5 ደቂቃ ገደማ ይጠነክራል፣ ራጅም በውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል። «ውሃ አይነካውም» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ከሥሩ ያለው ተራ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቆዳውም ይላጣል። ሲታጠቡ ፌስታል ማጥለቅ አይቀርም። ለማውጣት የጀሶ መጋዝ ይፈልጋል። መጋዝ ወደሌለበት ገጠር ለሚመለስ ታካሚ በውሃ ተነክሮ በመቀስ የሚቆረጠው ጀሶ ይሻለዋል።

ቬልክሮ ያለው ተፈቺ ድጋፍ በልጆች ላይ ለሚታየው፣ አጥንቱ ሳይበጠስ እብጥ ብቻ ለሚልበት ስብራት ከሁሉም ይመረጣል። 3 ሳምንት ገደማ ይበቃል፣ ቤት ውስጥ ይፈታል። ቦታውን ለለቀቀ ስብራት ግን አይታሰብም። ወጌሻ ቤት የሚታሰረው ጠባብ ቀርከሃ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም፤ የደም ዝውውር ዘግቶ እጅ እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።

በብሪታንያ በ500 አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ወደ ቦታው ተመልሶ በደንብ በተቀረጸ ጀሶ የታሰረ አንጓ ከዓመት በኋላ በቀዶ ሕክምና በሽቦ ከተያዘው እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። ነገር ግን ጀሶ ከታሰረላቸው ከ8 ሰው 1ዱ አጥንቱ ዳግም ሸሽቶ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። የ1ኛው እና የ2ኛው ሳምንት ራጅ የማይቀረው ለዚህ ነው፤ እብጠት ሲወርድ የላላ ጀሶም ያኔ ይቀየራል። አዋቂ ላይ ጠቅላላው ጊዜ 6 ሳምንት አካባቢ ነው።

ጣት ሲዘረጋ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶች ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማታም ቢሆን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም ጀሶው ብቻ ሳይሆን ጥጡም እስከ ቆዳ ድረስ መቀደዱን ያረጋግጡ፤ በደም የደረቀ ጥጥ ብቻውን እንደ ጀሶ ያንቃል።